ወንድሜ በለቅሶ ልብስ ስታዲየም የገባ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ እዚህ ሳን ሆዜ ሐበሻ ስታዲየም ገባ ማለት ወሬ ነበር፤ እንደናንተ ቲኬት በስልክ የሚገዛ የለም። ያኔ፣ ዘጠናዎቹ ላይ ነው፣ የወንድሜ የግርማ ልጅ ናሆም የወታደር አካዳሚ ገባልንና ደስታችን ልክ አጣ። ታዲያ ልጁ እዚያ ሄዶ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ውስጥ ገብቶ አረፈው። እግሩ ከልጅነቱ ኳስ የለመደ ነውና መቺ አደረጉት፣ ሌላ ሥራ የለውም፣ ይገባል፣ አንዴ ይመታል፣ ይወጣል። ግርማ ሲሰማ አበደ። ኦክላንድ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ደብል ሺፍት እየሠራ ያሳደገው ልጅ ነዋ። «መኮንን እንዲሆን ላኩት እንጂ ኳስ እንዲራገጥ መች ላኩት?» አለና ስልኩን አላነሳለት አለ። ሲዝኑን ሙሉ! ልጁ ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኔ ኮል ያደርጋል፣ ሁለቴ ተሸነፍን ይለኛል፣ ከዚያ አሸነፍን፣ ደግሞ አሸነፍን፣ እና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «አባዬ ጠየቀኝ ወይ፣ አክስቴ?» ይላል። እኔም አዎ እያልኩ እዋሻለሁ።

ታዲያ የመጨረሻው ጨዋታ እዚሁ ሳን ሆዜ አይሆን መሰላችሁ። ካሸነፉ ቦውል ወደሚሉት ወደ ትልቁ የመዝጊያ ግጥሚያ ያልፋሉ፣ ከተሸነፉ አለቀ። ግርማን በምን ላምጣው? አሰብኩ፣ አሰብኩና ደወልኩለት፣ የሥራ ባልደረባዬ እናቷ ሞተውባታል፣ ለቅሶ አድርሰኝ አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለቅሶ ተብሎ እንቢ የሚል ሐበሻ የት አለ? ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ ከተፍ አለ። እኔም በዚህ ታጠፍ፣ በዚያ ታጠፍ እያልኩ ስታዲየሙ ደጃፍ አደረስኩት። ቲኬቱን ሳወጣ ገባው። ፊቱን አጥቁሮ ተከተለኝና ከጎኔ ተቀመጠ።

እና እንግዲህ ስሙኝ። ሰከንዶች ቀርተዋል፣ በሁለት ነጥብ ተመርተናል፣ ናሆም ተጠራ። ካገባ ሦስት ነጥብ ነው። መታት፣ ሄደች፣ ሄደች፣ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ከአግዳሚው በላይ አለፈች። በነሱ ጨዋታ እሱ ነው ጎሉ! እልል ብዬ ዞር ስል ግርማ የለም። ለካ እሱ የሚያውቀው የእኛን ኳስ ነው፣ በእኛ ኳስ ደግሞ ከአግዳሚ በላይ የሄደ ሳተ ነው። ደረጃውን ቁልቁል ይሮጣል፣ በዚያ በጥቁር ሱፉ። ጓደኞቹ በደስታ ልጁ ላይ ወድቀውበታል፣ ግርማ ግን ስለሳተ የሚደበድቡት መስሎታል! አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ በአማርኛ፣ «ተዉት! ማንም ሰው ይስታል! ናሆሜ፣ አይዞህ፣ አባትህ አለሁ!» እያለ ያለቅሳል።

ናሆም ድምፁን ሰማ። ከጓደኞቹ ሥር ወጥቶ ሮጠና አጥሩ ላይ ተቃቀፉ፣ ግርማ ጀርባውን እየመታ ምንም አይደለም ይለዋል። እኔም ተከትዬ ደርሼ፣ አግብቷል እኮ ልል አፌን ስከፍት ልጁ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ።

«አባቱ ታዲያ መቼ አወቀ፣ እትዬ?»

መኪና ውስጥ፣ ልጁ ማግባቱን በሬዲዮ ሰማ! መሪውን ይዞ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሞኝ አደረጋችሁኝ ብሎ ተቆጣኝ። በኋላ ናሆምን፣ ምነው ዝም አልክ፣ ደስታውን አዘገየህበት እኮ ብለው፣ ምን አለኝ? «አክስቴ፣ ሳገባማ የማላውቀው ሰው ሁሉ ያቅፈኛል። ስቷል ብሎ እያሰበ ያቀፈኝ አባዬ ብቻ ነው። ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው።»