የአምስት ዓመት መሰናዶ

ይግቡ፣ ይግቡ አያ ህሩይ! ምነው ደጃፍ ላይ ቆሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ከረመ? ይቺ የሰፈራችን የፀዳ ጭቃ እንኳን የእርስዎን ጉልበት የባጃጁንም ሦስት እግር አሰንፋለች። ኮላ ድባ በኩል ዘንድሮ ጤፉ ሸጋ ነው አሉ... እሰይ። እዚያ ቁርበቱ ላይ ይቀመጡ። ጠላዋ ቀጭን ናት፣ አታሰክርም።

ብቻዎን መጡ እንዴ? ሽማግሌ እኮ በሦስት ነው የሚላክ... አሃ፣ መጀመሪያ ነፋሱን ሊያዩ ነዋ! ብልህ ነዎት። እንግዲያማ የተላኩበትን እኔው ልንገርዎት፣ ጉሮሮዎ እንዳይደክም። የላከችዎት ሴትዮ የልጅ ልጄን መቅደላዊትን ለልጇ ፈልጋታለች። ጥሎሽም አትጠይቅም፣ ደግ ሴት! ብቻ ልጅቱ ያንን ፈረንሳይ አገር የተቀበላትን ዩኒቨርሲቲ ትተወውና እዚህ ቁጭ ብላ ሙሽራውን ትጠብቅ። ምን ነበር ያለችው? «ዩኒቨርሲቲ ማንንም ያስገባል፤ የኔ ልጅ ግራንድ ኤኮል፣ ተመርጦ የሚገባበት ቤት ነው፤ የሱ ትምህርት ለሁለት ይበቃል።»

ስም አልጠራም፤ እርስዎም አይጥሩብኝ። እንዲህ ያለች ሴት ስሟ በተራ ቤት አይነሣም።

እኔ እኮ እወዳታለሁ! ልጇ ፈረንሳይ ሄዶ ግራንድ ኤኮል ገባ የተባለ ዕለት አናጢ ጠርታ የበሯን ጉበን አላስነሣችም? «ሲመጣ ግንባሩን እንዳይመታው» ብላ። ጉበኑ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ... ዛሬ በዚያ በር ግመል ከነጭነቱ ያልፋል። እስካሁን ያለፉት ዶሮዎቿ ናቸው እንጂ። እነሱም ኮርተው አንገታቸውን እንደ ሰጎን ቀና አድርገው ነው የሚወጡ። እንቁላል መጣል እንኳ ነውር ሆኖባቸዋል አሉ።

እኔማ ማይም ነኝ፤ ስለ ፈረንሳይ ትምህርት ምን አውቄ? መቅደላዊት ናት ያስረዳችኝ። አልገባ ቢለኝ «እምዬ፣ እንደ ቤተ ክህነት ትምህርት ቁጠሪው፤ ቤቱ ብዙ ነው» አለችኝ። ያኔ በራልኝ! ሟቹ ባሌ መሪጌታ አልነበሩ? ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፣ አቋቋም ቤት አለ። የአቋቋሙ መምህር የቅኔውን መምህር «ማንም የሚገባበት ቤት» ሲለው ሰምተው ያውቃሉ? ቤቱ ሌላ፣ ሙያው ሌላ።

እዚያም እንዲሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚሉት በሩ ሰፊ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃን መልቀቂያ ያለፈ ብዙው ይገባል። እውነቷን ነው፣ ማንንም ያስገባል! ቅዳሜ ገበያም እኮ ማንንም ያስገባል፤ የገባ ሁሉ ግን ሸጦ አይወጣም። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ገብስ ያበጥሩታል አሉ። የቀረው እስከ ዶክተርነት ይዘልቅበታል። አጭር ሙያ የሚያስተምሩ ቤቶችም አሉ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ተምሮ ቀጥ ብሎ ወደ ሥራ። ደግሞ የግል የሆኑ አሉ። አንዳንዱ ሸጋ ነው፤ አንዳንዱ ግን በሩ ላይ የፈለገውን ስም ይጽፋል። «ስሙን ሳይሆን የመንግሥት እውቅናውን ጠይቂ» ትላለች መቅደላዊት። ይኼን ምን አስነሣኝ? አፌ ነው... ይተዉት።

ግራንድ ኤኮል ደግሞ በሩ እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው። ብዙዎቹ ጋ ለመግባት መጀመሪያ መሰናዶ የሚሉት አለ፣ ሁለት ዓመት። እንቅልፍ የለ፣ ጨዋታ የለ። ከዚያ ውድድር፤ በቁጥር ነው የሚወስዱ። የወደቀ አንዴ ይደግማል፤ ሦስት ሆነ። አራተኛ የለም።

የኛው አንበሳ ታዲያ... ስንተኛ ዓመቱ ነው? እናቱን በየዓመቱ በማርያም ማኅበር እጠይቃታለሁ፤ በየዓመቱ «ገና መሰናዶ ላይ ነው» ትለኛለች። አምስት ዓመት ሞላው አይደል? ምነው አያ ህሩይ፣ ጠላው ትን አለዎት? ቀስ ይበሉ።

እኔ በክፉ አላየሁትም! ቤቱ ቢወደው ነው። ሌላውን በሦስት ዓመት የሚያባርሩ ሰዎች እሱን አምስት ዓመት ሲያቅፉ፣ ምን ያህል ቢጣፍጥ ነው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን እንቁላሉ ውስጥ ተመችቶታል። ዐቢይ ጾም እንኳ ሃምሳ አምስት ቀን ነው፣ መጨረሻው ፋሲካ አለው። የሱ ግን... እንዴት ያለ ጽናት ነው እናንተ!

ፎቶውንስ አሳይታዎታል? ትልቅ የመስታወት በር አጠገብ ቆሞ፣ አረንጓዴ ሽርጥ ታጥቆ፣ ከኋላው ሰዎች ጎመን በጋሪ ይገፋሉ። «ትምህርት ቤቱ ነው» አለችኝ። እኔም «መምህራኑ ጎመኑን የሚገፉት ለየትኛው ትምህርት ነው?» አልኳት። ፎቶውን ነጠላዋ ሥር ከተተችው። ምሥጢር ይሆናላ! ሙያ በልብ ነው ይባል የለ፤ የሱም ከልቡ አልወጣ ብሎ ነው።

ደግሞ ልብ ይበሉ፣ ጎመን መግፋት ነውር ነው አላልኩም። እኔ ራሴ ሁለት ልጅ ያሳደግሁት ነጭ ሽንኩርት ሸጬ ነው። ልጁም ለፍቶ አዳሪ ቢሆን ሸጋ ነው፣ ይባረክ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው... የራስ ልጅ ወንበር ሲጠፋ የሰው ልጅ ከወንበሯ ትነሣ የሚል ሕግ መቼ ወጣ? እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ያውቁ ይሆን ብዬ ነው።

እምቢ አላልኩም! እንዴት ተደርጎ! እንዲያ ያለውን አማች እኔ በምን አቅሜ? ብቻ ዩኒቨርሲቲው «እስከ ዓርብ መልስ ስጪ» ብሎ ነበር፤ ልጅቱ ሳታማክረኝ ትናንት «እመጣለሁ» ብላ ላከችላቸው። ሳታማክረኝ ስል፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ቶሎ በይ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ» እያልኩ ነው። ምን ይደረግ፣ የተላከ አይመለስ።

ተነሡ? ገና ምን ተቀምጠው! እንግዲያው ለሴትዮዋ ይኼን ያድርሱልኝ፤ ቃል እንዳይጥሉ፣ ምርቃት ነው። ለሷ ያለኝን ፍቅር እመቤቴ ታውቃለች። እግዚአብሔር ጤናውን አይንሳት። ዓይኗን ያብራላት፣ ጉልበቷን ያጽናላት። የማቱሳላን ዕድሜ፣ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድም ቀን ሳያጎድል ይስጣት... ልጇ ሲመረቅ ለማየት እንድትደርስ።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ አያ ህሩይ!