ከወረቀቱ የወደቀው መስመር

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ቃልኪዳን ሕዝቅኤል
ዕድሜ፦ 32
ሥራ፦ በማተሚያ ቤት የገጽ ቅንብር ሠራተኛ
አድራሻ፦ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ የይፋግ ነዋሪ ስለነበሩት ስለ አቶ ገብረ መስቀል አሟሟት የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪው ብሩክ ምሥጋና የሥራ ባልደረባዬ ነው። እኔ ገጽ አቀናብራለሁ፣ እሱ ያትማል። በመካከላችን ጠብም ሆነ ዝምድና የለም። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለአባላቱ ከሚያድለው የነቀዝ ክኒን ጋር የሚሰጥ የአጠቃቀም ወረቀት እንድናትምለት አዝዞን፣ ገጹን አቀናብሬ ሰጥቼ ነበር። የመጨረሻው መስመር «መድኃኒቱ የገባበት እህል ባለበት ቤት ሰው አይደር፤ ሽታው ይገድላል» የሚል ነው።

ጥር 26 ቀን ልጄ ታማብኝ ከቤት አልወጣሁም። ረፋድ ላይ ብሩክ ደውሎ፣ ገጹን ለኅትመት ወደ ፒዲኤፍ ሲለውጠው ብዙዎቹ ፊደሎች ባዶ ሳጥን እየሆኑ እንዳስቸገሩት ነገረኝ። የተጠቀምሁበት ፎንት፣ ማለት የፊደል ቅርጹ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ መሆኑን አስረዳሁት። ያቀናበርሁበት ላፕቶፕ ከእኔ ጋር ቤት ስለነበር፣ ፎንቱን ከገጹ ጋር አካትቼ እስክልክለት እንዲጠብቀኝ ነገርሁት። እሱም የማኅበሩ መኪና ደጅ ቆሞ እየጠበቀ መሆኑን ገልጾ ስልኩን ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ደወለና በሌላ ፎንት ሲተካው ሳጥኖቹ መጥፋታቸውን በደስታ ነገረኝ። እኔም ተመስገን ብዬ ወደ ልጄ ተመለስሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስገባ ከኅትመቱ የተረፈ ወረቀት አገኘሁ። ፊደሎቹ ጥርት ብለዋል። ነገር ግን በምትኩ የገባው ፎንት ከእኔው ሰፋ ያለ በመሆኑ ጽሑፉ ወደ ታች ተገፍቶ፣ የመጨረሻው መስመር ከተመደበለት ቦታ ውጭ ቀርቷል። የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም እንዲህ ከቦታው የተረፈውን ጽሑፍ በኅትመት አያወጣውም። ለብሩክ ሳሳየው ደጋግሞ አነበበውና ፊቱ ተለወጠ። ወረቀቱን የተረከበው የማኅበሩ ሠራተኛ ስልክ አልሠራ ሲለን፣ ብሩክ አሠሪያችንን መኪና ለምኖ ሁለታችንም ማኅበሩ ወዳለበት ወደ ይፋግ ሄድን። 

ክኒኑ ከወረቀቱ ጋር በታተመበት ዕለት ታድሎ ነበር። የማኅበሩን ሠራተኛ ፈልገን አገኘነውና ክኒኑን ወደወሰዱት ሰዎች ቤት መራን። የመጀመሪያዎቹ እህላቸውን ውጭ ጎተራ ውስጥ ያስቀመጡ ስለነበሩ ደኅና ነበሩ። የአቶ ገብረ መስቀል ቤት ግን ረፍዶም እንደተዘጋ ነው። ከብቶቹ ከበረት አልወጡም፤ ይጮኻሉ። ብንጣራ መልስ አጣን። ብሩክ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሰበረው። እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚሰነፍጥ ሽታ ወጣ። «ብሩክ፣ አትግባ» ብዬዋለሁ። አልሰማኝም። መጀመሪያ ሚስትየዋን ወይዘሮ እናትዓለምን፣ ተመልሶ ደግሞ አቶ ገብረ መስቀልን ጎትቶ አወጣ። የሩዝ ጆንያዎች ከአልጋቸው ራስጌ ተደርድረው በበሩ አይቻለሁ። ብሩክ ደጁ ላይ ተንበርክኮ አስታወከ።

ብሩክን ጨምሮ ሦስቱንም በመኪናው ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ አቶ ገብረ መስቀል መንገድ ላይ አረፉ። ወይዘሮ እናትዓለም ከሰዓት በኋላ ነፍሳቸውን አወቁ። የባላቸውን ሞት ጎረቤቶቻቸው አረዷቸው። ከዚያ ብሩክ ከተኛበት ተነሥቶ አልጋቸው አጠገብ ቆመና ወረቀቱን ያተመው እሱ መሆኑን፣ የጎደለውም ምን እንደሆነ ሳይደብቅ ነገራቸው። እሳቸውም፣

«እሱ ማንበብ አይችልም ነበር። ያነበብሁለት እኔ ነኝ። አንድ ቃል አልዘለልሁበትም፤ እስከ መጨረሻው ነው ያነበብሁለት» አሉ።

ብሩክ ከዚያው ወጥቶ በእግሩ ወደ ፖሊስ ሄደ።

መርማሪው፣ ብሩክ እንዲጠብቅ ተነግሮት እንደነበር ለይቼ እንድናገር ስለጠየቁኝ፣ አዎ ነግሬዋለሁ። ሳጥኖቹ ጠፉ ሲለኝ ግን ገጹን ላክልኝና ልየው አላልሁም። ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ይህ ቃል በፈቃዴ የሰጠሁት፣ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት ስለመሆኑ ከተነበበልኝ በኋላ በፊርማዬ አጽንቻለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________ ቃልኪዳን ሕዝቅኤል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________ ም/ሳጅን ቢያዝን ፍቅረ ማርያም