በክር የታሰረው ጫፍ

መቂ፣ ከአትክልት ተራው ጀርባ ካለ ጋራዥ። ሽታዬ ያረጀች ፒክአፗን ኮፈን ከፍታ ቆማለች፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዘርጋው፣ የባሏ የበሪሁን ሚዜ የነበረው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያያታል።

ሽታዬ፦ የባትሪውን ገመድ ቀይርልኝ ነው ያልኩህ። ሞተሩ ደክሟል፣ መኪናው አርጅቷል የሚለውን ዛሬ ተወኝ።

ዘርጋው፦ ሙሽራዬ፣ አሮጊት አዲስ ነጠላ ብትለብስ ልጃገረድ አትሆንም። ገመዱን ብቀይርልሽ ነገ ደግሞ ሌላው ይበላሻል። ሽጪውና እረፊ።

ሽታዬ፦ ሽጪው ስትለኝ ሰነበትክ። በሪሁንም ማታ ማታ ተይው ነው የሚለኝ። ሰሞኑን ሁለታችሁም በአንድ አፍ ነው የምትናገሩት።

ዘርጋው፦ ስለምናስብልሽ ነዋ። እሱ ጀርባውን ታሞ ቤት ውሎ፣ አንቺ ቲማቲም ጭነሽ በየመንገዱ ስትገተሪ ደስ ይለናል?

ሽታዬ፦ እኔ ካልነዳሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ዛሬ ግማሹ ቲማቲም ፀሐይ ላይ ፈሰሰ። ነጋዴዎቹ አንድ ጊዜ ደግመሽ ከቆምሽ ጭነቱን ለሌላ እንሰጣለን ብለውኛል።

ዘርጋው፦ ዛሬም ቆመ?

ሽታዬ፦ ቡልቡላ ላይ። ደጋግሜ ደወልኩልህ።

ዘርጋው፦ ለቅሶ ቤት ነበርኩ፣ ስልኬን አጥፍቼ።

ሽታዬ፦ እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት። አንተ መከታዬ ካልቸገረህ ስልክህን አታጠፋም አልኩ።

ዘርጋው፦ እሺ፣ አምጪው በቃ። ሞኝ የያዘውን አይለቅም። አዲሱን ከየት ገዛሽው?

ሽታዬ፦ ከባቱ። ገመዱንም፣ የባትሪውን ተርሚናሎችም።

ዘርጋው፦ እኔ እዚህ ተቀምጬ? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ። ይሁን። መዳቡስ ጥሩ ነው፣ ወፍራም ነው። ማን መረጠልሽ?

ሽታዬ፦ አንተ። የባትሪ ገመድ አውራ ጣት ካላከለ አትግዢ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?

ዘርጋው፦ ጎበዝ ተማሪ። አሮጌውስ የት አለ?

ሽታዬ፦ አንድ የአይሱዙ ሹፌር በራሱ ገመድ አስነስቶ እዚህ ድረስ ሸኘኝ። እዚህ እንደደረስኩ አሮጌውን ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

ዘርጋው፦ ምን ያደርግልሻል? እዚህ ጣይው፣ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ።

ሽታዬ፦ ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ አዲሱን እሰር። ፖዘቲቩን አስቀድም፣ ኔጋቲቩ መጨረሻ።

ዘርጋው፦ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? እስቲ ያንን ቁልፍ አቀብይኝ።

ሽታዬ፦ እንካ። እየሠራህ ላጫውትህ። አንተን ሳጣ ጊዜ ኮፈኑን ራሴ ከፈትኩት። መብራቱ ይበራል፣ ጥሩምባው ይጮኻል፤ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ቀጭ ብሎ ዝም። እንግዲያው ባትሪው አልሞተም አልኩና ገመዱን በእጄ እየዳበስኩ ወረድኩ። ከቻሲው አጠገብ ስደርስ አቃጠለኝ።

ዘርጋው፦ የቆየ ገመድ ይሞቃል።

ሽታዬ፦ አንድ ቦታው ላይ ብቻ? የተጠቀለለበትን ጥቁር ናስትሮ ፈታሁት። መዳቡ ተቆርጧል። በአንድ ጎን የቀሩ ጥቂት ክሮች ናቸው የያዙት። መብራት ለማብራት ይበቃሉ፣ ሞተር ለማስነሳት አይበቁም።

ዘርጋው፦ አይጥ ይሆናል። እናንተ ሰፈር አይጥ መች ጠፍቶ።

ሽታዬ፦ የመቂ አይጥ በመጋዝ ነው እንዴ የሚበላው? በልቶ ሲያበቃስ በናስትሮ ይጠቀልላል?

ዘርጋው፦ እንግዲህ መኪናው ብዙ ቦታ ያድራል። ማንም ነክቶት ይሆናል።

ሽታዬ፦ የናስትሮው ጫፍ በነጭ ክር ታስሯል።

ዘርጋው፦ ምን?

ሽታዬ፦ ሙቀት እንዳይፈታው ጫፉን በክር የሚያስር ሰው፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ከሸማኔው አባቱ የተማራት ቋጠሮ ናት። ለተንኮል ሲሠራ እንኳ ሳያሳምር መሥራት አልሆንለት አለ።

ዘርጋው፦ ሽታዬ፣ ስሚኝ።

ሽታዬ፦ ሙሽራዬ ቀረ?

ዘርጋው፦ ስሚኝማ።

ሽታዬ፦ በቆምኩ ቁጥር በሞተር ሳይክልህ እየበረርክ ትመጣለህ። ገመዱን ነካ ስታደርገው ይነሳል። እኔም እዚያው አስፋልት ላይ ቆሜ እመርቅሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ አሜን ማለት አልከበደህም?

ዘርጋው፦ ከብዶኝ ነበር። ይህን እመኚኝ።

ሽታዬ፦ ማመኑንማ አምኜህ ነበር። መኪናውን ተመኘኸው?

ዘርጋው፦ ገብርኤል ምስክሬ ነው፣ አልተመኘሁትም። ተለምኜ ነው።

ሽታዬ፦ ማን ለመነህ?

ዘርጋው፦ ተይኝ። ባታውቂው ይሻልሻል።

ሽታዬ፦ ማን?

ዘርጋው፦ በሪሁን።

ሽታዬ፦ የቱ በሪሁን?

ዘርጋው፦ ስንት በሪሁን አለን? ጠርቶኝ አለቀሰ። "እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሚስቴ መኪናዬን ይዛ ስትወጣ ሰፈሩ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ልጆቼ እንኳ ደብተር ሲያልቅባቸው እሷን ነው የሚጠይቁት። መኪናውን አትግደለው፣ ጀርባዬ እስኪድን አሳምመው ብቻ" አለኝ።

ሽታዬ፦ ለካ ለዚህ ነው። ቆሜ ስደውልለት "ምን ሆንሽ?" አይለኝም፤ "የት ጋ ቆምሽ?" ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ልቡ ነግሮት ነው እላለሁ። ማታ ስገባ "ደከመሽ አይደል፣ ተይው በቃ" ሲለኝ፣ ባሌ አዘነልኝ ብዬ ፊቴን አዙሬ አለቅሳለሁ።

ዘርጋው፦ ይወድሻል እኮ።

ሽታዬ፦ ይወደኛል፣ ቆሜ ካገኘኝ።

ዘርጋው፦ ምን ላድርግ ታዲያ? አብሮ አደጌ ነው። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ሽታዬ፦ እኔን ግን ሳለቅስ አይተሃል። ቡልቡላ ላይ፣ አላጌ መገንጠያ ላይ፣ ሌላም ቦታ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፣ አልፈርድብህም።

ዘርጋው፦ ፍረጂብኝ። ዝም ከምትዪኝ ስደቢኝ።

ሽታዬ፦ በሠርጌ ቀን አባቴ ፊት ምን ነበር ያልከው? "ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት፤ እሱ እንኳ ቢበድላት እኔ አለሁላት" አላልክም? በማግስቱ ለሚዜዎቹ ስም ሳወጣ አንዱን ሸጋው አልኩት፣ ሌላውን ወርቁ። አንተን መከታዬ አልኩህ። እስከ ዛሬ በሌላ ስም ጠርቼህ አላውቅም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ዘርጋው፦ እክስሻለሁ። እስቲ ይህችን የመጨረሻዋን ላጥብቅልሽና ሞክሪው።

ሽታዬ፦ ቁልፉን አምጣ። ኔጋቲቩን እኔ አጠብቀዋለሁ።

ዘርጋው፦ አንድ ዙር ጨምሪ። አዎ፣ እንደሱ። እጅሽ ይችላል።

ሽታዬ፦ ዞር በል፣ ላስነሳው። ሰማኸው? ደክሟል ያልከኝ ሞተር ነው።

ዘርጋው፦ ሰማሁት። ሽታዬ፣ ለበሪሁን ምን ልትዪው ነው? በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም እንዳትጨምሪበት። ከእኔ አፍ እንደሰማሽ አትንገሪው።

ሽታዬ፦ አንድ ቃል አልተነፍስም። ይህን ገመድ ከነክሩ ወስጄ ከሠርጋችን ፎቶ ጎን እሰቅለዋለሁ። ከአልጋው ቀና ባለ ቁጥር ይየው።

ዘርጋው፦ መከታሽ እኮ ነኝ። እኔንስ ምን ትዪኛለሽ?

ሽታዬ፦ ፎቶው ላይ አንተም አለህ፣ ዘርጋው።