ነገ ውብሸት ይሰለፋል

ድሬዳዋ፣ አርብ ከሰዓት፤ በአንድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ወይዘሮ አሰለፈች ክንፈ ቦርሳቸውን እንዳነገቡ ቆመው ወጣቱን የስፖርት አዘጋጅ ኢዘዲንን ያፋጥጡታል።

አሰለፈች፦ ስሙን ሰርዝልኝ አልኩህ! አንድ ስም መሰረዝ ይሄን ያህል ምን ያስቸግራል?

ኢዘዲን፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ። እዚህ ጋ ቬንትሌተሩ ይነፍስልዎታል።

አሰለፈች፦ ልቀመጥ አልመጣሁም። ሰርዘውና ልሂድ።

ኢዘዲን፦ አቦ፣ ውብሸት ክንፈን እኮ ነው ሰርዝ የሚሉኝ! ነገ ፍጻሜ ነው። የስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረቱ የከዚራ ኮከብ ቡድን ከሰማንያ ዘጠኙ ሳቢያን ጋር። ከተማው በርጫ ላይ ጫቱን ይዞ የሚጠብቀው ወንድምዎን ነው። ያለ እሱ ከዚራን ባሰልፍ ጣራዬን በድንጋይ ያወርዱታል።

አሰለፈች፦ የስልሳ ስምንቱ ከሰማንያ ዘጠኙ! አንዱ ሲጫወት ሌላው ገና አልተወለደም። የጤና ነው?

ኢዘዲን፦ ጨዋታው እኮ እሱ ነው። የትኛው ዘመን ቡድን ይበልጣል እያልን ስንጨቃጨቅ አይደል የኖርነው? የድሮ ተጫዋቾችን እየዞርኩ ጠየቅኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ለፍጥነቱ፣ ለምቱ፣ ለትንፋሹ ነጥብ ሰጡልኝ። ያንን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት። እሱ ያጫውታቸዋል፣ እኔ የወጣውን አነባለሁ።

አሰለፈች፦ ታነባለህ? እንደዚያ ነው ማንበብ? «ውብሸት በቀኝ መስመር፣ አንዱን አለፈው፣ ሁለተኛውንም፣ ጎ...ል!» ብለህ ስትጮህ እኔ ራሴ ወጡን ጥጄ ረስቼ አሳረርኩት።

ኢዘዲን፦ እሱማ ለማሟሟቅ ነው።

አሰለፈች፦ የሚያጨበጭበው ሕዝብስ?

ኢዘዲን፦ የተቀዳ ነው። ይቺን ቁልፍ ስነካት ይጮኻል።

አሰለፈች፦ እናቴ ይቺን ስትነካ አላየችህም። እሷ ያላት ሬዲዮ ብቻ ነው።

ኢዘዲን፦ እንዴ! የውብሸት እናት በሕይወት አሉ?

አሰለፈች፦ አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ከእኔ ይሻላል።

ኢዘዲን፦ ማሻአላህ! ታዲያ ደስ አላላቸውም? ልጃቸው የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ነው እኮ።

አሰለፈች፦ ደስ አላት እንጂ! መጀመሪያ የሰማች ቀን እልል ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበችው። «ልጄ ከጅቡቲ መጣ!» አለች። አልጋ አስነጠፈችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ «ለምን ቤት አልመጣም?» ማለት ጀመረች። አሁን እህል እምቢ ብላለች። «እዚሁ ከተማ እየተጫወተ እናቱን የማይጠይቀው፣ ምን በድዬው ነው?» እያለች ታለቅሳለች። ዛሬ ጠዋት ጫማዋን አስወለወለችኝ። ነገ ስታዲየም ውሰጂኝ፣ ይቅርታ ልጠይቀው አለችኝ። ገባህ? ይቅርታ! እሷ!

ኢዘዲን፦ ያ አላህ! እኔ እኮ ሁልጊዜ ስጀምር እናገራለሁ። በኮምፒውተር የተቀናበረ ውድድር ነው እላለሁ።

አሰለፈች፦ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች? «አዲስ ሜዳ ሠሩ እንዴ?» ነው ያለችኝ።

ኢዘዲን፦ እሺ፣ ቀላል ነው። ጅቡቲ ይደውሉለትና ራሱ በስልክ ያናግራቸው። ድምፁን ሲሰሙ ይረጋጋሉ... ምነው እትዬ? ምን አልኩ?

አሰለፈች፦ አንተም ጅቡቲ ነው ያለው ብለህ ነው?

ኢዘዲን፦ አብረውት የተጫወቱት ጓደኞቹ እንደዚያ ነው የነገሩኝ። ስለሌላው ሰው አውርተው አይጠግቡም። እሱ ጋ ሲደርሱ «ጅቡቲ ተሻገረ» ይሉና ዝም። ነጥብ ስጡት ስላቸው ግን ሁሉም መቶ ከመቶ ሰጡት። በሁሉም ነገር! እንዴት አንድ ሰው በሁሉም መቶ ይሆናል ብዬ ሳቅሁባቸው።

አሰለፈች፦ እነሱስ ሳቁ?

ኢዘዲን፦ ... አልሳቁም።

አሰለፈች፦ ጅቡቲ የሄደ የለም፣ ልጄ። በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ከልምምድ ሲመለስ ለገሀር ጋ ይዘው በላንድሮቨር ጫኑት። አብሮት ታስሮ የወጣ ሰው፣ እንደገደሉት ለአባቴ ነገረው። ያኔ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ራሱ ያስጠይቃል። አባቴ፣ እናትሽ ከሰማች ጮኻ ሁላችንንም ታስፈጀናለች አለኝ። ገብቶ «በባቡር ጅቡቲ ተሻግሯል» አላት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ። አባቴም ሞተ፣ ነገሩን እኔ ላይ ጥሎት።

ኢዘዲን፦ እስከዛሬ መርዶ አልተነገራቸውም?

አሰለፈች፦ መርዶ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው የለ። ባቡሩ በጮኸ ቁጥር ደጅ ትወጣ ነበር። ባቡሩ መሥራት ሲያቆም እፎይ አልኩ። ከዚያ ደግሞ አንተ መጣህ።

ኢዘዲን፦ ወላሂ አላወቅኩም።

አሰለፈች፦ ማን ነግሮህ ታውቃለህ? ለዚህ ነው ያልሰደብኩህ።

ኢዘዲን፦ ሰድበውኛል እኮ። ገና ሲገቡ ሥራ ፈት ብለውኛል።

አሰለፈች፦ እሱ ስድብ አይደለም።

ኢዘዲን፦ እሺ፣ ልሰርዘው። ግን ነገ ስሙን ሲያጡት የት ሄደ አይሉም?

አሰለፈች፦ አስቤበታለሁ። «ውብሸት ክንፈ ሥራ ጠርቶት ወደ ጅቡቲ ተመልሷል፣ እናቱን ሰላም በሉልኝ ብሏል» ብለህ ተናገር። በቃ። ቢያንስ የጠላኝ ልጅ አለኝ ማለቷን ትተዋለች።

ኢዘዲን፦ ይሄንን በሬዲዮ?

አሰለፈች፦ የሌለ ሕዝብ ስታስጨበጭብ ከርመህ አሁን ጨነቀህ?

ኢዘዲን፦ ያ ጨዋታ ነው። ይሄ ግን... እሺ። እሺ እትዬ፣ አይቆጡ። እንዴት እንደምለው ይስሙኝ። «ውድ አድማጮቻችን፣ የከዚራ ኮከቡ ውብሸት ክንፈ በነገው ፍጻሜ አይሰለፍም። በባቡር ጅቡቲ ተሻግሯል...»

አሰለፈች፦ በባቡር አላልኩህም!

ኢዘዲን፦ አምልጦኝ ነው። ላስተካክለው። «ጅቡቲ ተሻግሯል። ለእናቱም...»

አሰለፈች፦ ተው። በቃ፣ ተው አልኩህ።

ኢዘዲን፦ ምነው? እንዳሉኝ ነው እኮ የተናገርኩት።

አሰለፈች፦ አባቴም ልክ እንዲህ ነበር ያላት። እንዳንተው ድምፁ ቀጥኖ፣ መሬት መሬት እያየ። ይሄንኑ ላስደግምህ ነው እንዴ በዚህ ፀሐይ የመጣሁት?

ኢዘዲን፦ ይቀመጡ በአላህ። ውሃ ይኸውልዎ።

አሰለፈች፦ ደክሞኛል፣ ልጄ። በሩን ቆልፌ ተኝቼ አላውቅም። ቢመጣ በር ተዘግቶ እንዳያገኘው ትላለች። በልጅነቴ እሱን የሚያውቅ ሰው ቤት ሲመጣ ቀድሜ እየሮጥኩ «አደራ፣ እንዳትነግራት» እለው ነበር። ሰው ወንድሙ ሲሞት ያለቅሳል። እኔ አንድ ቀን እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላለቀስኩለትም።

ኢዘዲን፦ ያሉኝን አደርጋለሁ። እሰርዘዋለሁ፣ ከፈለጉም ውድድሩን እንዳለ አቆመዋለሁ። ሕዝቡ እንደፈለገ ይስደበኝ።

አሰለፈች፦ ነገ ያገባል?

ኢዘዲን፦ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ነው የሚወስነው። ግን ከፈለጉ ትንሽ ነካ አድርጌ...

አሰለፈች፦ እንዳትነካው! የችሮታ ጎል አይወድም እሱ። እንዳለ ይጫወት።

ኢዘዲን፦ ስሙ አይሰረዝ ነው የሚሉኝ?

አሰለፈች፦ አይሰረዝ። እናቴም ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወት ትስማው። ስታዲየም አይኬድም፣ እሁድ ጠዋት ሰው አንቺ ዘንድ ይመጣል እላታለሁ።

ኢዘዲን፦ ማን ነው የሚመጣው?

አሰለፈች፦ ዘመዶቻችንን እጠራለሁ። እነዚያን መቶ መቶ የሰጡህን አንተ ጥራቸው። ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን እንገባለን፣ እንደ ወጉ።

ኢዘዲን፦ መርዶ?

አሰለፈች፦ መርዶ።

ኢዘዲን፦ ጥሩ። ጓደኞቹን እኔ ራሴ በመኪና አመጣቸዋለሁ። የሚነግሯቸው እርስዎ ነዎት?

አሰለፈች፦ እኔን አታምነኝም። ጅቡቲ ነው ስላት ኖሬ ዛሬ ሞቷል ብላት፣ እንዳንታረቅ ብለሽ ነው ትለኛለች። ጓደኞቹም ያው ናቸው፣ ሁላችንም ዋሽተናታል።

ኢዘዲን፦ ታዲያ ማን ሊነግራቸው ነው? ... እትዬ፣ ለምንድን ነው እንደዚህ የሚያዩኝ?

አሰለፈች፦ ድምፅህን ታውቀዋለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ይሄ ልጅ አይዋሽም፣ ያልገባውን ገባ አይልም» እያለች ትመርቅሃለች።

ኢዘዲን፦ አይሆንም። አቦ እትዬ፣ በአላህ! እኔ ምናቸውም አይደለሁም። መርዶ ነግሬ አላውቅም። ፊታቸው ቆሜ ምን ብዬ ነው የምጀምረው?

አሰለፈች፦ እንደ ቅዳሜው ስሙን ከነአባቱ ጥራው። እንዳትጮህ ብቻ።