ይርጋጨፌ ጨው አይወድም ያለኝ አስተናጋጅ

ቡናችንን የሚገዛው ሰው ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ከተማ ጋብዞኝ ባለቤቴን ይዤ ሄድኩላችሁ። ተጋብተን ሃያ ዓመታችን ነውና ፍቅረኞች የሚቀመጡበት ምግብ ቤት ላበላት ፈለግኩ። ሦስት ምግብ ቤት አይተን አለፍን። አራተኛው ግን ጠረጴዛው ሁሉ ሻማ በርቶበታል፤ «ይሄ ነው» አልኳት። እሷ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «እዚህም መብራት ይጠፋል እንዴ?» አለችኝ።

በልተን ስንጨርስ ቡና መጣ። እኛ በቀበሌያችን በኮንጋ ቡናን በጨው ነው የምንጠጣው፤ ስለዚህ አስተናጋጁን ጨው ጠየቅኩት። ልጁ ፈገግ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ይርጋጨፌ ነው። ጨው አይወድም» አለኝ። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩን። ባለቤቴ በጠረጴዛው ስር እግሬን ነካ አድርጋ በቋንቋችን በጌዴኡፋ፣ «ተወው በቃ፣ አታሳፍረን» አለችኝ። ምን ቆርጦኝ ነው የምተወው? «ልጄ፣ ከይርጋጨፌ ጋር እኔን አታስተዋውቀኝ፤ ደጄ ላይ ነው ያደገው። የሚወደውን እኔ አውቃለሁ፣ ጨው አምጣልኝ» አልኩት።

አመጣ። ቆንጠር አድርጌ ስጨምር ያቺ አታሳፍረን ያለችኝ ሴት ስኒዋን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ለእኔም» አለች።