ቀለም ያገደው ፍሬን

በ፲፱፻፶፬ ዓመተ ምሕረት ከፋሲካ በኋላ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ በፒያሳ በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ አያ አድማሴን ከማኪናቸው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። አያ አድማሴ የሠፈሬ ሰው ናቸው፤ አንድ የጭነት ማኪናና መንገድ ሠሪዎች ሲሄዱ የሸጡት አንድ ተሳቢ አላቸው። ሁለቱንም ለፋሲካ ቀይ ቀብተዋቸዋል። ማኪናው እውነትም ያምር ነበር፤ የእሳቸው ፊት ግን አመድ መስሏል።

«ምነው አያ አድማሴ፣ ምን ሆኑ?»

«ተበላሁ መምህር! ከማክሰኝት ጤፍ ጭኜ ስመጣ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ ከኋላ ገፋኝ። ፍሬኑን ብስብ ብስብ፣ ወይ ፍንክች! ገደል ከመግባት ለጥቂት ተረፍኩ። ነገ ደግሞ በሊማሊሞ ቁልቁለት መውረዴ ነው።»

«ማን በላዎት?»

«የሻው ነዋ! ማኪናዬን ከቀባሁ ወዲህ ዓይኑን አልነቀለልኝም።»

አቶ የሻው ጎረቤታቸው ናቸው። እሳቸውም ማኪናና ያው ዓይነት ተሳቢ አላቸው። አያ አድማሴ የአቶ የሻውን ዓይን ይመልስልኛል ብለው የአንገታቸውን ክታብ አውልቀው ተሳቢው መጎተቻ ላይ አንጠልጥለዋል። የዚህ ተሳቢ ፍሬን ግን በኤሌትሪክ የሚሠራ ነው፤ ነጂው ከመሪው አጠገብ ያለችውን እጀታ ሲስብ ኃይሉ ከማኪናው ባትሪ በሽቦ ሄዶ የተሳቢውን ጎማዎች ያስይዛል።

ይህን ስናወራ ሷሊሕ ደረሰ። የነጋዴው የዐብዱረሕማን ልጅ ነው፤ አስመራ መካኒክነት ተምሮ መመለሱ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ልጅ አልወደውም ነበር። እሱ ከመምጣቱ በፊት በሠፈራችን የተማረ ሰው ሲባል የሚነሣው የእኔ ስም ነበር።

«አያ አድማሴ፣ ቢፈቅዱልኝ ልየው» አለ በትሕትና።

«አትነካውም! የየሻውን ስታበጅ የከረምክ አይደለህም?»

«የአቶ የሻውን ባበጅ የእርስዎን አበላሻለሁ?»

«ታዲያ ካንድ ቦታ ተገዝተው የሱ ሲይዝ የኔ ለምን እምቢ አለ?»

«ሸጋ ጥያቄ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው እምቢ ያለው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ለፋሲካ ምን አደረጉት?»

«ቀባሁት እንጂ ምን አደርገዋለሁ! ብሎኑን ሁሉ እየፈታሁ፣ ሽቦውን እያነሣሁ፣ አንዲት ብረት ሳላስቀር እኔው በእጄ። የየሻው እንዲህ አያምርም!»

ሷሊሕ ሳቁን ዋጠና ሁለት ሽቦ የታሰረባት ትንሽ አምፖል ከኪሱ አወጣ። «የሰው ዓይን ከሆነ እኔ አላውቅበትም። የሽቦ ነገር ከሆነ ግን ይህች አምፖል ታሳየናለች። ካላሳየችን እሄዳለሁ። ነገር ግን ነገ ይህ ሁሉ ጭነት ሊማሊሞ ላይ ቢገፋዎት፣ ማን ቀናብኝ ብለው ለመጠየቅ እንኳ አይተርፉም።»

እኔን አነጋገሩ አስቀናኝ፤ ያን ያህል ጊዜ ቆሜ ከንፈሬን ከመምጠጥ በቀር የረዳሁት ነገር አልነበረም።

አያ አድማሴ እያጉረመረሙ ገብተው እጀታውን ሳቡ። ሷሊሕ የአምፖሉን አንድ ሽቦ ተሳቢው ጋ ኃይሉ ከሚመጣበት፣ ሌላውን ከማኪናው ብረት ቢያገናኘው በራ። ቀጥሎ የተሳቢውን ብረት በቢላዋ ጫር አድርጎ ሁለተኛውን ሽቦ እዚያ ቢያስነካው ጨለመ።

«አዩ፣ ኃይሉ እስከ ተሳቢው ይደርሳል፤ መመለሻ ግን የለውም። ወደ ባትሪው ተመልሶ ካልዞረ አይሠራም። የመመለሻውን ሽቦ በብሎን ያሰሩት ቀለም ላይ ነው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌትሪክ አያሳልፍም።»

«ላሳምረው ብዬ የቀባሁት?»

«እሱው ነው።»

ብሎኑን ፈትቶ ከሥሩ ያለውን ቀለም እስኪያብረቀርቅ ፋቀና መልሶ አጠበቀው። አምፖሉ በራ። በክሪክ አንዱን ጎማ አንሥቶ አሽከረከረው፤ አያ አድማሴ እጀታውን ሲስቡ ጎማው ቀጥ አለ። ሽማግሌው ዘለው ወርደው ግንባሩን ሳሙት።

ሷሊሕ ግን ድንገት ደነገጠ። «አቶ የሻውም ትናንት ተሳቢያቸውን ሲቀቡ ነው የዋሉት! የእርስዎን አይተው። እሳቸውም ነገ በሊማሊሞ ይወርዳሉ።»

አያ አድማሴ ፊት ላይ መጀመሪያ ያየሁት ደስታ ነው። ቀናተኛ ስለሆንኩ ያንን ደስታ አውቀዋለሁ። ትንሽ ቆይተው ግን «ሚስቱም አብራው ትሳፈራለች» አሉና ቢላዋውን ከሷሊሕ እጅ ነጠቁ። «እኔው ነኝ የምነግረው።»

ተከተልናቸው። አቶ የሻው ቢላዋውን ሲያዩ ተሳቢያቸው ፊት ተገተሩ።

«አድማሴ፣ ቀለሜን ልትፍቅብኝ መጣህ?»

«አዎ፣ ልፍቅብህ ነው የመጣሁ! እኔ የሻው ቀናብኝ እያልኩ ልሞት ነበር፤ አንተ እንኳ ትረፍ!»

አምፖሉ እዚያም ጨለመ። ሁለቱ ሽማግሎች ተሳቢው ሥር ተጋድመው፣ ያንተ ቀለም ይወፍራል፣ የለም ያንተ ይወፍራል እየተባባሉ አብረው ፋቁ።

በማግሥቱ ተከታትለው ሊማሊሞን በሰላም ወረዱ። ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን ፍሬን ሳያይ መንገድ አይጀምሩም፤ ክታቡም ወደ አያ አድማሴ አንገት ተመልሷል። ምክንያቱን የሚመረምር ሰው ጎረቤቱን ሳያማ ንብረቱንም ነፍሱንም ያድናል፤ እነዚህ ሁለቱ በዚያ ላይ ወዳጅ አተረፉ።

እኔም በሳምንቱ ተማሪዎቼን ስለ ኤሌትሪክ እንዲያስተምርልኝ ሷሊሕን ለምኜ ወደ ክፍሌ አስገባሁት። ተማሪዎቼ ለእኔ አጨብጭበው የማያውቁትን ያህል አጨበጨቡለት። ቀናሁ፤ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እየጻፍኩ ተማርኩ።