ተቆልፎበት የነበረው እሳት ማጥፊያ

ውርጌሳ ለዘመድ ሠርግ ከወልድያ ተነሥቼ ስሄድ መርሳ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ «አሁን ይቀየራል» ብሎ ጠፋ። እኔ መምህር ነኝ፤ «አሁን» የሚባል ሰዓት አላውቅም! እየተነጫነጭኩ ጥላ ፍለጋ ወደ አቶ ፈንታው ነዳጅ ማደያ ገባሁ።

አቶ ፈንታው ነዳጅ ሲሸጡ የሸበቱ፣ እጀ ሰፊ ሰው ናቸው። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለባቸው፤ እሱም ቅናት ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ሐጂ ሚስባህ ሌላ ማደያ ከከፈቱ ወዲህ የሰውዬው አንገት ወደዚያ እንደዞረ ቀርቷል። ሐጂ ግድግዳቸውን ቀለም ሲያስቀቡ እሳቸው ምሳ አልበላም ብለው ዋሉ አሉ።

ገና ሲያዩኝ «ደህና መጣህ መምህር! ና ፍረደኝ!» አሉ።

«ምን ሆኑ ጋሼ ፈንታው?»

«ይችን ልጅ ጠይቃት!»

ከጎናቸው የቆመችው ፌቨን ነበረች፤ የጎረቤታቸው የንግሥት ልጅ። ተምራ የነዳጅ ማደያዎችን ደኅንነት የምትቆጣጠር የመንግሥት ሠራተኛ ሆናለች። ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ ቤንዚን የጫነ ቦቴ መርሳ ይገባል፤ የደኅንነት ፈቃድ የሌለው ማደያ ግን ማራገፍ አይችልም። ለሐጂ ሚስባህ ፈርማለች፤ ለአቶ ፈንታው አልፈረመችም። እሷ ካልፈረመች ቦቴው በአቶ ፈንታው ዓይን ፊት ወደ ማዶ ሊታጠፍ ነው።

«ከእጄ ዳቦ እየበላች ያደገች ልጅ!» አሉ አቶ ፈንታው። «ሐጂ በር ላይ ስትስቅ አይቻታለሁ። እኔ ጋ ስትመጣ ፊቷ ይጠቁራል። ምን ቢያደርግላት ነው?»

«ጋሼ፣ ለሐጂም መጀመሪያ አልፈረምኩም» አለች ፌቨን። «የጎደለውን ነገርኳቸው፤ አሟሉ። ለእርስዎም ያንኑ ነግሬያለሁ። እርስዎ ግን የነገርኩዎትን ትተው ሐጂ ምን ሠራ እያሉ ብቻ ይጠይቁኛል።»

ሳቄ አመለጠኝ። አቶ ፈንታው ገላመጡኝ።

«እሺ፣ ምን ጎደለኝ?»

ፌቨን ወደ አጥሩ ጠቆመች። እዚያ አለሚቱ ሕፃን ልጇን አዝላ ከሰል ላይ በቆሎ ትጠብሳለች። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር የባጃጅ ሰልፍ ይረዝማል፤ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር በቆሎው ይሸጣል። እዚህ ማደያ የተለመደ ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ገዝቼ በልቻለሁ።

«አለሚቱን ላባርር?» አሉ አቶ ፈንታው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ባሏ የሞተባት ሴት ናት! ለነፍሴ ብዬ ባስቀመጥኳት ሴት መንግሥት ምን ቤት ነው? ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠብስ እሳት ተነሥቶ ያውቃል?»

«እግዜር ጠብቆን ነው። ቤንዚን ሲራገፍ ትነት ይወጣል፤ አይታይም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ፍም ካገኘ ነበልባሉ ተመልሶ ወደ ቦቴው ይሮጣል።»

«ንብረቱ የኔ! ለንብረቴ ከኔ በላይ የሚያስብ ማን ነው?»

«ማንም የለም። እሳቱ ግን የእርስዎ አጥር ጋ ሲደርስ አይቆምም። ከጀርባዎ ያለው የእናቴ ቤት ነው። ከፊትዎ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያልፋል። እነዚህ ሰዎች መጥተው ማደያዎን ሊፈትሹ አይችሉም። ቁጥጥር የሚባለው በነሱ ምትክ የሚያይ ዓይን ነው።»

ይህ አባባሏ ልቤን ነካው። ብዙዎቻችን ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚታየን ቅጣት ብቻ ነው፤ ከተቆጣጣሪው ኋላ የቆመውን ጎረቤት አናይም። አቶ ፈንታው ግን እኔ የሰማሁትን አልሰሙም፤ ዓይናቸው ማዶ ነበር። ሐጂ ሚስባህ በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ።

«እሳት ማጥፊያ ገዝቻለሁ! ከሱ ይበልጣል! ይሞከር!»

«ይሞከር» አለች ፌቨን። ሐጂን በእጇ ጠርታ ጮክ ብላ ተናገረች። «አለሚቱ ምድጃ ጋ እሳት ተነሣ እንበል። የሁለታችሁም ማጥፊያ ይምጣ!»

አጨበጨበች። ማዶ ያለችው ነዳጅ ቀጂ ወዲያው የመቅጃውን ኤሌክትሪክ አጠፋች፤ ሌላው ወጥቶ መኪና አስቆመ፤ ሐጂ «ቢስሚላህ!» ብለው ማጥፊያውን ብድግ አድርገው አስፋልቱን ተሻገሩ። አቶ ፈንታው ወደ ቢሯቸው ሮጡ። የብረት ሳጥን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ቁልፉስ? ኧረ ቁልፉ የት አለ?»

«እትዬ ቤዛዊት ይዘውት ለቅሶ ወልድያ ሄደዋል!» አለ ቀጂያቸው፤ ሚስታቸውን ማለቱ ነው።

ድንጋይ ተፈለገ፤ መቆለፊያው ተሰበረ። አቶ ፈንታው ላብ በላብ ሆነው ማጥፊያውን ታቅፈው ሲወጡ ፕላስቲኩ ገና አልተቀደደም፤ ለእንግዳ ተብሎ እንደሚቀመጥ ሰሃን ያብረቀርቃል። ሐጂ ግን ደርሰው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ በቆሎ እየጋጡ ነበር! ባጃጅ ነጂዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«አዲስ ዕቃ ነው... ሌባ እንዳይወስደው... ለክፉ ቀን ብዬ...» አሉ አቶ ፈንታው።

ያን ጊዜ አለሚቱ ተነሣች።

«ጋሼ፣ እናንተ ማን ቀደመ ትላላችሁ። እሳቱ የእውነት ቢሆን ኖሮ እኔ የት ነበርኩ?»

ሳቁ ቆመ። አቶ ፈንታው ጀርባዋ ላይ የተኛውን ሕፃን አዩት።

«እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው...»

«አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ያስቀመጡኝ የት እንደሆነ ዛሬ ገና ገባኝ። ሌላ ቦታ ይፈልጉልኝ።»

ሐጂ ሚስባህ በቆሎውን አስቀመጡ። «ፈንታው፣ ልደብቅህ አልችልም። ፌቨንን ወደ ማዶም ሂጂ፣ ደጋግመሽ እዪው ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አሳበቅክብኝ!»

«ወላሂ! ያንተ ሲነድ የኔ ሊተርፍ ነው? በመሐላችን ያለው ይህ አስፋልት ብቻ ነው እኮ!»

ወዲያው የቦቴው ጥሩምባ ተሰማ። ቦቴው ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ማዶ ታጠፈ። አቶ ፈንታው ከንፈራቸውን ነክሰው እስኪቆም ድረስ አዩት። «ዓይኔ እያየ!» አሉ። ግን ፌቨንን ፈርሚልኝ ብለው አልለመኑም። ጎንበስ ብለው የአለሚቱን ዱካና ማዳበሪያ ሙሉ በቆሎዋን አነሡና፣ ምድጃው በውኃ ከጠፋ በኋላ፣ ከማደያው ርቆ ገበያው ጫፍ ላይ ካለው ዛፍ ሥር በራሳቸው እጅ አስቀመጡላት።

ቆይቼ በመርሳ ሳልፍ፣ ጎማ ሳይተነፍስ፣ በፈቃዴ ወረድኩ። ማጥፊያዎቹ ያለ ቁልፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ አሸዋ የሞሉ ባልዲዎች ተደርድረዋል። ፌቨን ፈርማለች።

«ቦቴ ይገባልኛል» አሉ አቶ ፈንታው ደረታቸውን ነፍተው። «ቀጂዎቼ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። ንግሥት ከጀርባዬ ባለው ቤቷ ያለ ሥጋት ተኝታ ታድራለች። አለሚቱም ገበያተኛው ሁሉ ደንበኛዋ ሆኗል። ተቆጣጣሪ ስትመጣ አሁን እኔው ነኝ ወንበር የማወጣላት።»

«ቅናቱስ ጋሼ?»

«አለ እንጂ! የት ይሄዳል? ቅድሚያ ግን ይህን እይ።» ከሐጂ ደወል የሚበልጥ የአደጋ ደወል አስገጥመዋል። ቁልፉን ተጫኑት። መርሳ ተናወጠች!

ሐጂ ሚስባህ ማጥፊያ ታቅፈው፣ ጫማቸው አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ቀርቶ፣ እያለከለኩ ደረሱ። «የታል? የታል እሳቱ?»

«ሙከራ ነው» አሉ አቶ ፈንታው። ሐጂ መቆጣት ሲጀምሩ እጃቸውን ያዟቸው። ያለ ጫማ የቀረውን እግር አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እንዲህ ነው የምትመጣልኝ?» አሉ። «በል ተመለስና አንተም ደውል። እስኪ እኔ እንዴት እንደምመጣልህ እይ!»